«አረፈች» እንዳትል

ለተከበራችሁ፣ በሆላንድ ነዋሪ ለሆናችሁ የእድራችን አባላት በሙሉ፦ ወይዘሮ አፀደ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል በሚገኘው መኖሪያ ቤቷ፣ ስድስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ በዕለተ እሑድ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ያጠበችውን ልብስ አስጥታለች። አንሶላ ሁለት። የትራስ ልብስ አራት። ካልሲ በርከት ያለ።

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ጽፌ አላውቅም። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ግን ብጽፈው እንዴት እንደምጽፈው አውቃለሁ። ደግሞም መጻፍ አላስፈለገውም። ወሬው የዚያኑ ዕለት ከሮተርዳም አምስተርዳም፣ ከአምስተርዳም ዴንሃግ ደርሶ፣ እግረ መንገዱን ሦስት አንሶላ ጨምሮ ተመልሷል። ያዩዋት እትዬ የትነበርሽ ናቸው፤ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ነው የሚኖሩት። በዚያ ሰዓት እሳቸው ራሳቸው ቅዳሴ ላይ መሆን ሲገባቸው መስኮት ላይ ምን ይሠሩ እንደነበር የጠየቃቸው ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

አስናቀ እባላለሁ። አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ሰፈር እኖራለሁ፣ ቢሮ አጸዳለሁ፣ የሰው ሞት እጽፋለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም፤ ያም ሆኖ ጽሑፌ ያምራል ይባላል፣ በተለይ የሞት። እስካለፈው ዓመት ድረስ ስልሳ አንድ ሰው በጌታ አሳርፌአለሁ። አንዱንም ወደዚያ መሄድ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

የአፀደ ነገር የጀመረው ከአንሶላው አይደለም። ሮተርዳም ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራው ሽማግሌ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማገላበጥ ነው። እዚያ ሙሪየል የምትባል የሱሪናም ሴት ባልደረባ ነበረቻት። ሙሪየል ትከሻዋ ሰፊ፣ ቆዳዋ በጣም ጥቁር፣ ስትስቅ ድምፅ የማታወጣ ሴት ናት። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚስቀው።

አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ፣ የድሮ መርከበኛ፣ ጥቁር እጅ ገላዬን አይነካውም አሉ። አለቆች ተሰበሰቡ። የተሰበሰቡት ሰውየውን ምን እንበላቸው ብለው አይደለም፤ የሥራ ፕሮግራሙን እንዴት እናስተካክለው ብለው ነው። ከስብሰባው በኋላ አፀደን ጠሩና፣ ሰውየው አንቺን የሕንድ ሴት ናት ብለው ነው የሚያስቡት፣ አንቺም ብትሆኚ እንደ ሌሎቹ አይደለሽም፣ እሳቸውን ብትይዥልን አሏት። ያዘች።

ሦስት ወር አጠበቻቸው። የእሷን ከባድ ከባድ ክፍሎች ሙሪየል ተቀበለች፤ ሙሪየል ወገቧን የታመመችውም ያኔ ነው። አንድ ቀን አፀደ የሰውየውን እግር ስታደርቅላቸው ቁልቁል አይተዋት «አንቺስ ንጹሕ ነሽ» አሏት። ከሥራ ወጥታ ሜትሮ ተሳፈረች። ካፔለ እስክትደርስ ደስ ብሏት ነበር። ደስ እንዳላት የገባት ከሜትሮው ስትወርድ ነው።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። «ያስደነገጠኝ የሳቸው ንግግር እኮ አይደለም» አለችኝ፤ «የኔ ደስታ ነው።»

በማግስቱ ሙሪየል ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት፣ ይቅርታም ጠየቀቻት። ሙሪየል፣ አውቃለሁ፣ ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የለም እንዴ፣ ማንበብ እችላለሁ እኮ፣ ብላ መለሰችላት። ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ለበላይ አቤት አሉ። አቤቱታችሁ ደርሶናል የሚል በጣም ጨዋ ደብዳቤ መጣላቸው። ጉዳዩ ሳይታይ ሰውየው ሞቱ፤ ፕሮግራሙም በራሱ ጊዜ ተስተካከለ።

ሙሪየል እሑድ እሑድ የምትሄድበት ስብስብ ነበራት፤ ሮተርዳም ውስጥ፣ በአንድ የሰፈር አዳራሽ። የሱሪናም፣ የኩራሳዎ፣ የጋና ሰዎች ናቸው። ወንበር ክብ አድርገው ይቀመጣሉ፣ ቴርሞስ ይዞራል፣ ሰው ለሰው ምን ሊሆንለት ይገባል እያሉ ሁለት ሰዓት ያወራሉ። ሰማይ አይጠራም። ራሳቸውን ሂውማኒስት ይላሉ። በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ብዙ አስቤ «ሰው ይበቃል ባዮች» ብያቸዋለሁ፤ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም። አፀደ አብራት መሄድ ጀመረች። የባርነት ማብቂያ በሚታሰብበት ቀንም አምስተርዳም አብራቸው ሄደች። እዚያ አንዱ፣ እናንተ ኢትዮጵያውያን ታድላችሁ፣ ይህ ታሪክ አይመለከታችሁም፣ ሲላት፣ «በእኛ አገር ሻጩም እኛ፣ ተሻጩም እኛ ነበርን» አለችው። አጠገቧ የቆመ አንድ የእኛ ሰው ይህን ሰምቶ አገር አዋረደች ብሎ ስልክ ደወለ። ዋሸች ያለ ግን አልነበረም።

ከዚያ የፋሲካ ምሳ መጣ። አፀደ ያን ጊዜ ገና ቤተክርስቲያን ትመጣለች። ሙሪየልን ይዛት መጣችና አዳራሹ ውስጥ ከጎኗ አስቀመጠቻት። እትዬ የትነበርሽ ከወዲያኛው ጠረጴዛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ሳያስፈልጋቸው፣ ባሪያዋን ከየት አምጥታ ነው ራስጌ የምትጎልትብን አሉ። የሳቀ ሳቀ። ሌላው መብላቱን ቀጠለ። ሙሪየል ዶሮዋን እየቆረጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

አፀደ ሽማግሌዎች ይዩልኝ አለች። ሦስት ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ጸሐፊው እኔ። ከሦስቱ አንዱ የገዛ ወንድሟ ጋሽ ገብረሥላሴ ናቸው። ጋሽ ገብረሥላሴ ዴንሃግ በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ሾፌር ናቸው፤ ሲናገሩ ግን «እኛ በፍትሕ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች» ነው የሚሉት። በእርግጥ ፍትሕ እሳቸው መኪና ውስጥ ይሳፈራል፣ ከኋላ። ያን ቀን ብዙ ተናገሩ። ቃሉ የቆየ ነው፣ ሴትየዋም አልሰማችውም፣ ያልተሰማ ስድብ ደግሞ ስድብ አይባልም አሉ። በመጨረሻም ወደ አፀደ ዘንበል ብለው፣

«እኅቴ፣ ሁላችንም እኮ የእግዚአብሔር ባሪያዎች ነን። የእኔ ስምስ ቢፈታ ምንድን ነው?»

አፀደ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ በአራት አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እንግዲያው እኔ የማንም አይደለሁም» አለች።

ወጣች። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። እኔ ደግሞ በመዝገቡ ላይ «ቃሉ ስድብ ሳይሆን የአነጋገር ልማድ መሆኑ ታይቶ፣ ጉዳዩ በፍቅር ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩ። አረፍተ ነገሩ አምሮ ነበር። ዛሬም ያምራል፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። ጋሽ ገብረሥላሴ እኅታቸው የት እንደጠፋች ሲጠየቁ የእሑድ ተረኛ ናት ይላሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ እሑድ ተረኛ የምትሆን ሰው እንደሌለች ጠያቂውም ያውቃል፤ ብርታቱን ይስጣት ብሎ ያልፋል። እኔ አልፎ አልፎ ገበያ ላይ ሳገኛት፣ እንዴት ነሽ ስላት፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው እግዚአብሔር ይመስገን አትልም። «አለሁ» ትላለች። በቃ፣ አለሁ። ሰው ሲያነጥስ ይማርህ አትልም፤ «ጤና» ትላለች። ጤና ይስጥልኝ ስላት አንድ ጊዜ፣ «ማን ነው የሚሰጠው?» ብላኝ፣ ሽንኩርት ይዤ ደረቅሁ። ቋንቋችን ውስጥ ሰማዩን ሳይነኩ ከበር እስከ በር መሄድ ከባድ ነው። እሷ በጠባቡ በኩል ትሄድ ነበር፣ ልብሷ ሳይነካ።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ደወለችልኝ። ቆሽቷን ታማለች። ሐኪሞቹ በወር ነው የሚቆጥሩት፤ እሷ በሳምንት። ስሄድ አልጋዋን ሳሎን አውጥተውላት፣ ፊቷን ወደ በረንዳው አዙራ ተኝታለች። ልጇ ረሆቦት በር ከፈተችልኝ። ረሆቦት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ የተወለደች፣ ሰውን ሁሉ ሽማግሌ ሳትል አንተና አንቺ የምትል፣ የአማርኛ ፊደል የማታነብ ልጅ ናት። ሙሪየል ከራስጌው ወንበር ላይ የቃላት እንቆቅልሽ መጽሐፏን ይዛ አቀርቅራለች። በራሴ ነቀነቅኩላት፤ በራሷ ነቀነቀችልኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚህ በላይ ተነጋግረን አናውቅም።

አፀደ ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባች። የሞቴን ማስታወቂያ አሁን ጻፍልኝ፣ አንብቤው ልሙት፣ አለች። ደብተር አወጣሁ።

«አረፈች እንዳትል» አለች።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳነሳ ኖሬአለሁ፤ ማረፍስ ይገባኝ ነበር። ግን እንደማይሆን አውቃለሁ። ከዚህ ዓለም ተለየች እንዳትል ደግሞ፤ ሌላ የት አለና። አለፈችም አትበል፤ ወዴት? ሞተች በል።»

እንዲህ ተብሎ እንደማይጻፍ ነገርኳት። ሞተች የሚባለው ለዶሮ ነው፤ ለሰው ሲሆን ቃሉ ራቁቱን ነው፣ የሚያነበው ሰው ይደነግጣል አልኳት።

«ይደንግጥ» አለች። «ለኔ ሲባል ማንም አልደነገጠም። አንዴ ይደንግጥልኝ።»

እንዳለችኝ ጻፍኩ። ደብተሩ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፦

«አፀደ ሞተች። ስልሳ ዓመት ኖረች። ሥራዋ ሰው ማጠብ ነበር። አንድ ጊዜ ቆዳዋ ትንሽ ፈካ በማለቱ ተጠቅማ ባልደረባዋን በድላለች፤ ይቅርታ ጠይቃለች። ከሞት በኋላ ሌላ ነገር አለ ብላ አታምንም ነበር፤ ስለዚህ በዚህኛው የምትችለውን ሠርታለች። ልጇን ልታጽናኑ ስትመጡ እግዚአብሔር ያጽናሽ አትበሏት። አለሁልሽ በሏት። የማትኖሩላት ከሆነ ግን ዝም በሉ።»

አነበብኩላት። የመጨረሻዋን መስመር ሁለቴ አስነበበችኝ። ሌላው ይቅር ቢባል እንኳ ይህቺ እንዳትቀር፣ ልጄ ብቻዋን ናት፣ ወንድሜ ሰማይ ሰማዩን ነው የሚያሳያት፣ አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣

«በዚያ መዝገብ ላይ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ» አለች። «በፍቅር ተዘግቷል። ይሄኛውን ሳትዋሽ ጻፍልኝ። አንድ ጊዜ።»

«ማርያምን እጽፈዋለሁ» አልኳት።

አፀደ ሳቀች፤ እንዲያ አሟት ሳቀች። ያለ እግዚአብሔር እንደምጽፍ በእናቱ መማሌ የገባኝ ደረጃው ላይ ስወርድ ነው። ያን ጊዜ የሙሪየልም ትከሻ ተነቃንቆ ነበር፤ እንቆቅልሹ ውስጥ የሚያስቅ ነገር አግኝታ መስሎኝ ነው።

አፀደ በዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት ሞተች። እዚህ ላይ እንኳ እንደፈለገችው ልበል። ረሆቦት ደውላ ነገረችኝና፣ እማዬ ያጻፈችህን ላክልኝ፣ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ አዳራሹ በር ላይ አቆመዋለሁ፣ አለች። ስልኩን ሳልዘጋ ሁለተኛ ስልክ ገባ። ጋሽ ገብረሥላሴ ናቸው። ስለ ደብተሩ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ምናልባት ራሷ አፀደ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እናታችን ደብረ ማርቆስ በሕይወት እንዳሉ ታውቃለህ አሉኝ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። የእድሩን ማስታወቂያ የጎረቤት ልጅ ከስልክ ላይ ያነብላቸዋል። ልጅሽ ሞተች፣ ምንም አታምንም ነበር፣ ብሎ ያንብብላቸው?

«ቃል ገብቼላታለሁ ጋሼ» አልኩ።

«ለሞተ ሰው ነው ቃል የገባኸው» አሉ። «እናቴ ግን ትሰማለች።»

ከዚያ፣ እኔ ነኝ እንዴ ይህን የምፈልገው፣ እኔስ ምን እንደማምን ማን ያውቃል፣ አሉና ወዲያው አስላቸው። ሳሉ ሲያልፍ ወደ ቀብሩ ፕሮግራም ተሻገሩ፤ ፍትሐት ባይኖርም ዲያቆን ኤልናታን ሱፍ ለብሶ ሁለት ገጽ በግዕዝ ያነባል፣ ለልጅቷ የጥንት ግጥም ነው እንላታለን፣ አሉ።

ተቀምጬ ጻፍኩ። እጄ መንገዱን ያውቀዋል፤ አራት ደቂቃ አልፈጀም፦

«እኅታችን ወይዘሮ አፀደ ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ፣ በሃይማኖቷ ጸንታ፣ በተወለደች በስልሳ ዓመቷ በጌታ አርፋለች። እግዚአብሔር ነፍሷን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ቤተሰቡንም ያጽናልን።»

ስልሳ ሁለት። ለእድሩ ላክሁ፤ ለረሆቦትም ያንኑ ላክሁላት። ደወለችልኝ።

«አስናቀ፣ ፕረሲስ፣ ልክ እማዬ እንዳለችው ነው አይደል? ምንም አልቀየርክም?»

«አዎ» አልኳት።

አመሰገነችኝ።

ቀብሩ ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ባለ መካነ መቃብር ነበር። ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ ሊዘንብ እየፈለገ ሳይዘንብ ዋለ። አዳራሹ በር ላይ ጽሑፌ በሰው ቁመት ታትሞ ቆሟል፣ ከላይ የአፀደ ፎቶ። ያን ያህል ትልቅ ሆኖ ጽሑፌን አይቼው አላውቅም። ስምንት ዓመት ቤቷን ያልረገጡ ሰዎች ሁሉ መጥተዋል፤ ለሕመሟ ያልመጣ ለቀብሯ ይመጣል፣ መቅረት ያሳማል። እያነበቡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሃይማኖቷ ጸንታ የሚለው ጋ ሲደርሱ አንዳንዱ ወደ መሬት ያያል። ሁሉም ልብሱን ያውቃል፤ ሁሉም አንሶላውን ቆጥሯል። አምና ሲያሟት የነበሩ ሁለት ሴቶች፣ ሐምራዊትና አበባይሽ፣ እንዴት ያለች ጾመኛ ነበረች ተባባሉ። አንዳቸውም አልሳቁም።

ሙሪየል ጽሑፉ ፊት ለብዙ ጊዜ ቆመች። ፎቶውን እያየች መስሎኝ ዞር አልኩላት፤ ሰው ከጓደኛው ፎቶ ጋር ብቻውን ይሁን ብዬ። ጣቷ በአየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ይሄድ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ረሆቦት በሆላንድኛ ስለ እናቷ ተናገረች። ብዙ ሰው አልገባውም፤ የገባውም እንዳልገባው ሆነ። ከዚያ ኤልናታን ተነሣ። ኤልናታን ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሮተርዳም ለዶክትሬት የሚማር ትሑት ሰው፣ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ መስቀሉን ኪሱ ውስጥ አድርጓል። ሁለቱን ገጽ አነበበ። ድምፁ ጥሩ ነው። በመሐል በመሐል ከኋላ አንዳንድ ሰው ሳያስበው «አሜን» ይላል፤ ግጥም ከሆነ ደግሞ አሜን አይባልም። ረሆቦት በየአሜኑ ዞር እያለች ታያለች። ሲጨርስ አጠገቤ ተቀመጠና በጆሮዬ፣ ለእናቴ ብዬ ነው ድቁናውን የያዝኩት፣ አሁን ደግሞ ለሌላ ሰው እናት አነበብኩ፣ ብሎኝ መነጽሩን ጠረገ። ለእኔ ለምን እንደነገረኝ አላውቅም። ሰው ሁሉ ለጸሐፊ ይናገራል።

ተቀበረች። ከዚያ በአገሩ ደንብ ቡናና ኬክ ወዳለበት ክፍል ገባን። ረሆቦት ስልሳ ቁራሽ ኬክ አዝዛለች፤ ቅቤ አለው፣ እንቁላል አለው፣ ጾም ነው። ማንም ኬክ አልበላም። ሳህኖቹን ሊያነሱ ሲመጡ ግን አሥራ አንድ ቁራሽ ብቻ ነበር የቀረው።

ሙሪየል ከረሆቦት ጎን ካለው ወንበር ተቀመጠች። ጋሽ ገብረሥላሴ በእንግሊዝኛ፣ ይህ ወንበር ለቤተሰብ ነው፣ በጣም ይቅርታ፣ አሏት። ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ጋሽ ገብረሥላሴ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ፣ ነርሷ ናት፣ ያስታመመቻት፣ እያሉ ያስተዋውቃሉ። እትዬ የትነበርሽ ከእኔ ጠረጴዛ ናቸው። እግራቸው አብጦ መነሣት አቅቷቸዋል፣ አፋቸው ደርቋል። መስኮቱን በአገጫቸው እየጠቆሙ፣

«እንግዲህ ባሪያዋ ከቆመች አይቀር ውሃ ብታቀብለን ምን አለበት» አሉ።

ጠረጴዛው ፈገግ አለ። ሐምራዊት አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔም፤ ምን ልዋሽ፤ ከንፈሬ ተንቀሳቅሷል። ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ ይተዋት እትዬ፣ እሷ ምን ታውቃለች፣ አልኩ። መከላከሌ ነበር።

ሰው ተሰልፎ ልጅቷን ማጽናናት ጀመረ። መጀመሪያ አጎቷ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉና ግንባሯን ሳሙ። ቀጥሎ ኤልናታን። ቀጥሎ አበባይሽ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልሽ። ረሆቦት መጀመሪያ ላይ እጅ እየሰጠች ታመሰግን ነበር። ስድስተኛው ሰው ላይ ስትደርስ ግራ ገባት። ከሰዎቹ ትከሻ በላይ እኔን ትፈልገኛለች። እሷ የምታውቀው የእናቷ ቃል በር ላይ በሰው ቁመት መቆሙን፣ ይህ ሰው ሁሉ ቆሞ ማንበቡን ነው። እንግዲህ አንብበው ነው እንዲህ የሚሏት። አንድ ሰው እንኳ እናቷ የለመነችላትን አንዲት ቃል አልሰጣት አለ። አሥረኛው፣ አሥራ አምስተኛው። እጇ ሰው ሲጨብጠው ብቻ ነው የሚነሣው።

ተራዬ ደረሰ። ፊቷ ቆምኩ። ቃሏን የማውቃት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንዲያ መስሎኝ ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ አለ፤ ከኋላዬ ደግሞ ጋሽ ገብረሥላሴ ቆመዋል። እና፣ የማትኖሩላት ከሆነ ዝም በሉ ብላለች። ዝም አልኩ። እጇን ጨብጬ አለፍኩ። ዓይኗን አላየሁም።

መጨረሻ ላይ ሙሪየል ከመስኮቱ መጣች። ጋሽ ገብረሥላሴ ነርሷ ትሰናበት ብለው መንገድ ለቀቁላት። ሙሪየል የረሆቦትን ፊት በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ በእኛ ቋንቋ፣ ፊደሉ ሳይሰበር፣ «ል»ዋ ልስልስ ብላ፣

«አለሁልሽ» አለቻት።

ረሆቦት ከረቡዕ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። አሁን አለቀሰች።

እኔ በሐሳቤ የማየው እንቆቅልሽ መጽሐፍ ላይ ያቀረቀረች ሴትን ነበር። በአየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ጣትን። ዶሮ የሚቆርጥ ቢላዋን፣ በፋሲካ። ሐምራዊት ነጠላዋን ከአፏ አላወረደችም፤ ጋሽ ገብረሥላሴ አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ጀመሩና በየትኛው ቋንቋ እንደሚጨርሱት አጡት።

ሙሪየል ልጅቷን ቀስ አድርጋ ለቀቀቻት። ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ ብርጭቆ አነሣች፣ ከጆጉ ውሃ ቀዳች፣ አልሞላችውም። ወደ እኛ መጣች። በእኔ በኩል ስታልፍ አላየችኝም። እትዬ የትነበርሽ ፊት ስትደርስ አፀደ እንዳስተማረቻት ጎንበስ ብላ፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ፣ ብርጭቆውን ዘረጋች።

«ውሃ ፈልገው ነበር» አለች። «ይኸው፣ ይጠጡ።»

እትዬ የትነበርሽ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።